ካልጠሩት የማይነቃው ጠባቂ

አክስቲቱ የሚተኙት በሁለት የማስፈልፈያ ማሽኖች መካከል በተዘረጋች ታጣፊ አልጋ ላይ ነው። ቤት አጥተው አይደለም። ግቢውን ተሻግሮ ሁለት ክፍል ቤት፣ ሰፊ አልጋና ወፍራም ፍራሽ አላቸው። ግን እንቁላል ማሽን ውስጥ ከገባ ዓይን ያስፈልገዋል፤ ሙቀቱ ትንሽ ከፍ ካለ ጫጩቱ ቅርፊቱ ውስጥ ይቀራል፣ ትንሽ ዝቅ ካለም ያው ነው። ስለዚህ ቴርሞሜትር ለማየት ሲነሱና ሲጋደሙ ያድሩና ጧት ወገባቸውን ይዘው ይነሳሉ።

ወደዚያ ክፍል የገባ እንግዳ ሁሉ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ሳይል አይወጣም፤ ተረቱን እሱ የፈጠረው ይመስል እየሳቀ። አክስቲቱም «እንቁላሉስ ይሄዳል፣ ያቃተኝ እኔ ነኝ» ብለው ይመልሱለታል።

ይህ የወገባቸው ነገር አብልጦ የሚያንገበግባት የእህታቸውን ልጅ ነው። ፕሮግራመር ናት። ታናሽ ወንድሟ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ሰፈሩ «ሽቦ» ብሎ ይጠራዋል። ሁለቱንም ያሳደጓቸው አክስቲቱ ናቸው። ባለፈው ዓመት እህትና ወንድም ተባብረው ማሽኖቹን የሚጠብቅ፣ ችግር ሲፈጠር ስልክ የሚደውል ሳጥን ሠሩላቸው። አክስቲቱ ደስ ብሏቸው አልጋቸውን አጥፈው ወደ ቤታቸው ገቡ። ደስታው ግን አልቆየም። በሳጥኑ ውስጥ ያለችው ትንሽ ኮምፒውተር አንድ ቀን ራሷን በራሷ አደሰች፤ ፕሮግራሙ የተደገፈበት፣ ላይብረሪ የሚባል ሌሎች የጻፉት ዝግጁ ኮድ በሌላ ተተካ፤ ፕሮግራሙም ድምፅ ሳያሰማ ወደቀ። አንድ ማሽን ሙሉ እንቁላል በርዶ ቀረ።

አክስቲቱ አልተቆጡም። ታጣፊዋን አልጋ ከጓዳ አውጥተው መልሰው ዘረጓት። ልጅቷን ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

አሁን ደግሞ አዲስ ሳጥን ይዛ ፊታቸው ቆማለች።

«ያን ጊዜ ላይብረሪውን ከኮምፒውተሯ ነበር የምንዋሰው» አለቻቸው። «አሁን የተጻፈበትን ኮድ ራሱን አምጥቼ የእኛው ፕሮግራም ውስጥ አስገብቼዋለሁ። ኮምፒውተሯ እንደፈለገች ትታደስ፣ የእኛ አይነካም።»

«ምን የሚሠራ ነው እሱ ላይብረሪ የምትይው?»

«ኢቨንት ሉፕ ይባላል። ቴርሞሜትሩን፣ በሩን፣ መብራቱን፣ እንቁላሉን የሚያዞረውን ሞተር፣ ሁሉንም ባንዴ ያዳምጣል። የጠራው ከሌለ ይተኛል። አንዱ ሲጠራው ብቻ ይነቃና ሥራውን ሠርቶ ተመልሶ ይተኛል።»

አክስቲቱ መነጽራቸውን አወለቁ። «የሚተኛ ጠባቂ ነው ያመጣሽልኝ?»

«ሲጠሩት ስለሚሰማ እኮ ነው የሚተኛው» አለ ሽቦ። «ማንም ሳይጠራዎት የሚነሱት እርስዎ ነዎት።»

«ያን ጊዜስ ማን ጠራኝ?»

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ አክስቲቱ ግን ያዩት ልጥ አልነበረም፣ እውነተኛውን እባብ ነው። ቢሆንም የልጆቹን ፊት አዩና አንጀታቸው አልችል አለ።

«ሐሙስ አዲስ እንቁላል ይገባል» አሉ። «እስከዚያ ባዶውን ማሽን እያሠራ ያሳየኝ። ካቃተው ይዛችሁት ሂዱ፣ ሁለተኛ ሳጥን የሚባል ነገር እንዳታመጡብኝ። እኔና አልጋዬ ተላምደናል።»

የእህትና የወንድሙ መሥሪያ ከአንድ ጫማ ሰፊ ሱቅ ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ያላቸው አንድ ጠረጴዛ ነው፤ መሐሉ ላይ ጥቁር ፕላስተር ተለጥፏል። ከፕላስተሩ ወዲህ የእሷ፣ ወዲያ የእሱ። ይህ ሕግ በልጅነታቸው አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲያጠኑ የወጣ ነው፤ «የእኔን አትንካ፣ የእኔን አትንኪ»። ብዙ ጠብ ስላስቀረላቸው አድገውም አልሻሩት፤ እንዲያውም ወደ ኮዱም አሸጋገሩት። እሷ የራሷን ፋይል ትጽፋለች፣ እሱ ሞተሩን የሚያዝዘውን ይጽፋል፤ አንዱ የሌላውን ከፍቶ አያይም።

የላይብረሪውን ኮድ ያስገባችው እሷ ናት። ከፋይሏ አናት ላይ በአንዲት መስመር ጠራችው። ከዚያች መስመር በላይ ደግሞ «ይህ ይቅር፣ ያ ይቅር» የሚሉ ትእዛዞች ጽፋ ከላይብረሪው የማያስፈልጋትን ቀናነሰች። ለምሳሌ ላይብረሪው ለሚያዳምጠው ነገር ሁሉ «ማን ይቅደም» የሚል ምልክት ይይዛል፤ አንዲት ትንሽ ሳጥን ለምን ትሸከመዋለች ብላ ያንን ቆረጠችው። ፕሮግራሟ ቀለል ብሎ ሲሠራ ስታይ ራሷን በራሷ አመሰገነች። ሽቦም በበኩሉ ያንኑ ላይብረሪ ከራሱ ፋይል አናት ላይ ጠራና ሞተሩን አስነሳ። የእሷ ለብቻው ሠራ። የእሱም ለብቻው ሠራ።

ረቡዕ ከሰዓት ሁለቱን አዋሕደው ወደ አክስቲቱ ዘንድ ወሰዱት። ማሽኑ መሞቅ ጀመረ፤ አክስቲቱ እጃቸውን አጣምረው ቆመው ያያሉ። ሙቀቱ ልክ ደረሰ። የሞተሩ ተራ ሲመጣ ሳጥኑ ጭጭ አለ። የሳጥኑ አምፖል ጠፋ፣ ሞተሩም አልዞረም። እንደገና አስነሱት፤ እዚያው ቦታ ሲደርስ እንደገና ጭጭ።

አክስቲቱ ወደ ታጣፊዋ አልጋ ሄደው አንሶላዋን አስተካከሉ። ልጅቷ ያንን ስታይ ሳጥኑን ነቅላ አነሳች።

ወደ መሥሪያቸው እንደተመለሱ ጉድ ፈላ።

«የአንተ ሞተር ነው የገደለው።»

«የእኔ እኮ ለብቻው ሠርቷል፣ አይተሻል።»

«የእኔም ሠርቷል።»

«ታዲያ ጂኒ ገባበት እንበል?»

«ምን ይታወቃል፣ ያን ጊዜም እንቁላሉን የፈጀው የአንተ ሽቦ ይሆናል።»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ልትመልሰው ፈለገች። ያን ጊዜ የወደቀው የእሷ ፕሮግራም እንደነበር ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ሽቦ መፍቻውን ከፕላስተሩ ወዲያ አስቀምጦ ወጣና ደጃፉ ላይ ተቀመጠ።

ጥቂት ቆይታ ተከትላው ወጣች፤ አጠገቡም ተቀመጠች። «ዋሽቻለሁ» አለችው። «ጥፋቱ የእኔ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለ። «ለአክስቴ ግን ያኔውኑ ሽቦው ነው የላላው ብያቸዋለሁ።»

«ለምን?»

«የእኔ ሽቦ ቢላላ ይጠበቃል። አንቺን ግን ማመን እንዲያቆሙ አልፈለግኩም፣ እታለም።»

ልጅቷ እንባዋን ስታብስ እሱ አላየሁም ብሎ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። አንድ ዓመት ሙሉ የእሷን ሸክም ተሸክሞ፣ አንድም ቀን አላነሳባትም።

«ፋይልህን ክፈትልኝ» አለችው በመጨረሻ።

«ሕጉስ?»

«ሕጉ ገደል ይግባ። አንተም የእኔን ክፈት።»

ወንበር ተለዋወጡ። ልጅቷ የሽቦን ፋይል ከአናቱ ጀምራ ስታነብ ብዙም አልቆየች። ላይብረሪውን የሚጠራው መስመር አለ፤ ከመስመሩ በላይ ግን ምንም የለም።

«ከኔ ፋይል አናት ላይ ያሉትን አየሃቸው?»

«የቀናነስሻቸውን? አሁን ነው የማያቸው። እኔ እንዳለ ነው የጠራሁት።»

«የላይብረሪው አንድ አድማጭ ኮምፒውተሯ ውስጥ ስንት ቦታ እንደሚይዝ በአንተ በኩል አስለካው» አለችው። እሷም በራሷ በኩል አስለካች። ሁለቱ ቁጥሮች ለየቅል ነበሩ።

ልጅቷ ሁለት እጇን ራሷ ላይ አደረገች። «ባለ አምስት መሳቢያ ቁምሳጥን አስብ» አለችው። «እኔ ሦስተኛውን መሳቢያ አስወጥቼ ሌሎቹን ወደ ላይ አስጠግቻለሁ። አንተ ደግሞ እንደ ድሮው ቆጥረህ የሞተሩን ትእዛዝ አምስተኛው ውስጥ ታስቀምጣለህ። ላይብረሪው በእኔ አቆጣጠር ነው የሚሄደው፤ አራተኛውን ይከፍትና ባዶ ያገኛል። ይኼኔ ነው የሚወድቀው።»

«ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ኮምፓይለርስ ለምን አይናገርም?»

«እሱ አንድ አንዱን ፋይል ለየብቻው ነው የሚያነበው። ሁለቱን የሚያስተያየው እኛ ነበርን።»

ሽቦ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ፕላስተር አየ፣ እሷን አየ፣ ከዚያ ሳቁ አመለጠው። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር፤ የእሱም ንጹሕ፣ የእሷም ንጹሕ፤ የተበላሸው ስላልተነጋገሩ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ብላ ራሷን ገሰጸችና የቀናነሰቻቸውን ሁሉ ወደ አንዲት ትንሽ ፋይል አወጣች። የሁለቱም ፋይል ከምንም በፊት ከእሷ እንዲጀምር አደረጉ። ሽቦም ፕላስተሩን ከዳር ይዞ ላጠው፤ ጠረጴዛው ላይ የሙጫ መስመር ብቻ ቀረ።

ሐሙስ ጧት እንቁላሉ ሲደርስ ሳጥኑ ባዶውን ማሽን እያዞረ ነበር። ሽቦ የማሽኑን በር ሲከፍት ሳጥኑ ተጠራና ነቃ። ልጅቷ ቴርሞሜትሩን በእጇ ጨበጠች፣ ነቃ። የማሽኑን መብራት ነቀሉ፤ የአክስቲቱ ስልክ ኪሳቸው ውስጥ ጮኸ። አክስቲቱ «እሺ» ብለው እንቁላሉን አስገቡ። አልጋዋ ግን ከቦታዋ አልተነቃነቀችም፣ ልጆቹም ደፍረው አልጠየቁም።

ከሳምንት በኋላ አንድ ከሰዓት አክስቲቱ ማሽኑ ውስጥ ውሃ ጨምረው ጎረቤት ዘንድ ሄዱ። ወሬው ሳይሞቅ ስልካቸው ጮኸ፤ የሁለተኛው ማሽን በር ክፍት ነው። እየሮጡ ሲመለሱ፣ እውነትም መቀርቀሪያውን ረስተውታል። ዘግተው ቴርሞሜትሩን አዩ። ምንም አልሆነም።

ማታ ልጆቹ ሲመጡ አክስቲቱ ኮስተር ብለው ጠበቋቸው።

«ይህ ሳጥናችሁ እኔኑ ከሰሰኝ» አሉ።

«ምን ብሎ?» አለች ልጅቷ ደንግጣ።

«በር አልዘጉም ብሎ ነዋ። እውነቱን ነው፣ አልዘጋሁም።» ወደ ሽቦ ዞሩ። «አንተ፣ ይህን አልጋ ወደ ቤት አሻግርልኝ።»

ሽቦ ሁለት ጊዜ አላስባለም። አልጋዋን ትከሻው ላይ አድርጎ ግቢውን ሲያቋርጥ፣ ከኋላው አክስቲቱ ትራሳቸውን አቅፈው ሄዱ። ልጅቷ ብቻዋን በማሽኖቹ መካከል ቀረችና የአልጋዋ እግሮች ሲሚንቶው ላይ የተዉትን አራት ምልክት አየች።

ጫጩቶቹ ሊፈለፈሉ በነበሩበት ቀን ጧት እህትና ወንድም በጊዜ መጡ። በመስታወቱ ሲያዩ ቅርፊቱ እዚህም እዚያም ተሰንጥቋል፤ አንዷ እርጥብ ጫጩት ጓደኛዋ ላይ ወጥታ ትጮሃለች። የአንዷ ጩኸት ሌላዋን እየቀሰቀሰ ክፍሉ በሙሉ ጫጫታ ሆነ። አክስቲቱ ግን የሉም። በዚህ ቀን ከማሽኑ ፊት ዞር ብለው አያውቁም ነበር።

ሁለቱም ግቢውን በሩጫ አቋርጠው የቤቱን በር ገፉት። አክስቲቱ በሰፊው አልጋቸው ላይ፣ ወፍራሙ ፍራሽ ውስጥ ሰጥመው ተኝተዋል። ፀሐዩ ጉልበታቸው ጋ ደርሷል። ስልካቸው ትራሳቸው አጠገብ ነው። የሚሰማው ደህና የሆነ፣ ረጅም ትንፋሽ ነበር።

«አክስቴ» አለ ሽቦ። እህቱ እጅጌውን ጎተተችው፤ ግን ዘገየች።

አክስቲቱ ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ሳጥኑ ጠራኝ እንዴ?» አሉ።

«ኧረ አልጠራም» አለች ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ጫጩቶቹ ግን መውጣት…»

«ይውጡ፣ መንገዱን ያውቁታል።» ብርድ ልብሱን እስከ ጆሯቸው ሳቡት። «ካልጠራኝ ታዲያ እናንተ ምን ትቀሰቅሱኛላችሁ?»

ልጆቹ በእግር ጣታቸው እየረገጡ ወጥተው በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት።