ያልታጠበው ሽጉጥ

«ኸላስ፣ በቃ፤ ይሄ ብረት ከባለቤቱ ጋር ሞቷል» አለ ኦማር፣ የሟች ወንድሙን አሮጌ ሽጉጥ ስድስት ጎራሽ ክብ ብረት በአውራ ጣቱ እየገፋ። አልዞር አለው። «ነገ የለቅሶው ፊራሽ ሲነሳ ዓባይ ውስጥ እጥለዋለሁ። ፖሊስ ቢያገኘው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።»

መዋዳ ከእናቷ ከሬሕማ ጎን ምንጣፉ ላይ ተቀምጣለች። አባቷ ዳውድ ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ያለው ቤታቸው በለቀስተኛ ተሞልቷል፤ የሚገባው ሁሉ «አልፋቲሓ» ብሎ መዳፉን ይዘረጋል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ከዚያ ስለ ዝናቡ ያወራል።

ከሽጉጡ ዘይት ሲንጠባጠብ አየች።

«አሚ፣ ዘይት አደረጉበት እንዴ?» ስትል አጎቷን ጠየቀች።

«የሞተር ዘይት ነው። ብረት በምን ሊፈታ ኖሯል?»

ኦማር የሚያውቀው ሞተር ነው። በማያውቀው ነገር ዝም ማለትን ግን አልተማረም።

ዳውድ ሽጉጡን የወረሰው ከአያቱ ነው። ባሩዱን በአፉ ይጎርሳል፣ ከኋላ ትንንሽ የመዳብ ቆቦች ይደፉበታል። በሰፈሩ ሰርግ ሲኖር እርሳሷን ትቶ ባሩድ ብቻ ያጎርሰውና ስድስቴ ያጮኸዋል፤ ጭሱ ሙሽሮቹን ሲሸፍን እንደ ልጅ ይስቃል። ከዚያ ሳያጥበው አይተኛም። «ባሩድ ጨው ነው፣ ያ ቢንቲ፣ ልጄ። ጨው በውሃ ይለቃል፤ በዘይት ይጋገራል» ይላት ነበር። ታጥቦ ሲደርቅ ሞራ ይቀባዋል። አውራ ጣቱ ላይ የተረፈችውን ሞራ፣ አርካዊት ሰፈር ሰው ቤት ልብስ ስታጥብ የሰነጣጠቀው የሬሕማ እጅ ላይ ያብሳታል። «ለብረት የበጀ ለእጅም ይበጃል» እያለ።

ሐሙስ በጎረቤታቸው በአማኒ ሰርግ ተኮሰ። ደረቴን ከበደኝ ብሎ ጋደም አለ፤ አልተነሳም። ሽጉጡ ሳይታጠብ ሲያድር ያ የመጀመሪያው ነው። እሱን ከጣሉት የአባቷ ሳቅም አብሮ የሚሰጥም መሰላትና መዋዳ ብድግ አለች።

«ለቀስተኛ ከምንጣፍ ተነስቶ ሥራ አይነካም፤ ነውር ነው» አለች ጎረቤታቸው ሉጥፊያ።

ሬሕማ ከትናንት ጀምሮ ቃል አልወጣትም ነበር። «ተያት» አለች። «ባሌ ሳይታጠብ አልተቀበረም። ይሄም ሳይታጠብ አይጣልም።»

መዋዳ የሻዩን ማንቆርቆሪያና ሳሙና ይዛ ግቢ ወጣች። መጀመሪያ ስድስቱም ቆቦች መሰንጠቃቸውን አየች፤ ሳይተኮስ ባሩድ ጎርሶ የቀረ የለም። አፈሙዙን የያዘውን ሽብልቅ መታ አወጣች፣ አፈሙዙን ነቀለች፣ የፈላውን ውሃ አፈሰሰችበት። የወጣው እድፍ ጥቁር ነበር፤ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ደግማ አጠበች። በአምስተኛው ውሃው ጠርቶ ወረደ። ክቡን ብረት በዘይት ሳይሆን በትዕግሥት እያወዛወዘች ከዘንጉ አላቀቀችው፤ ፀሐይ ላይ አደረቀችው፣ ሞራ ቀብታ መለሰችው።

መዶሻውን ሳብ ስታደርግ ክቡ ብረት ዞረ። ቀጭ አለ።

ኦማር ከኋላዋ ቆሞ ነበር። «አንዴ ድገሚው» አላት። ደገመችው። ዓይኑን በጀለቢያው እጅጌ ጠረገ። «ከአረፋ በኋላ የጎረቤታችን የዘኪያ ልጅ ታገባለች። ኢንሻአላህ እኔ እተኩሳለሁ። መጀመሪያ ግን ማጠቡን አስተምሪኝ።»

መዋዳ ሽጉጡን በጨርቅ ጠቅልላ ገባች። አውራ ጣቷ ላይ ሞራ ተርፏል፤ የምትጠርግበት ስታጣ ዞር ዞር አለች።

ሬሕማ ከምንጣፉ ላይ ሆና ሁለቱንም እጆቿን ዘረጋችላት።