ቀይ ነጥብ የሌለባት ከተማ

እኔ ፈሪ ነኝ። መደበቅ አያስፈልግም፤ ባሌ ኩርትም፣ እናቴም፣ የዊቺታ ከተማ ጎረቤቴ ዋንዳም ያውቁታል። ሌላው ሰው ከሥራ ገብቶ ቴሌቪዥን ሲያይ እኔ የምከፍተው የመንግሥትን ካርታ ነበር፤ በሴትና በልጅ ላይ የወሲብ በደል ፈጽመው የተፈረደባቸው ሰዎች የሚኖሩበትን ቤት በቀይ ነጥብ የሚያሳየውን። አድራሻን ማስገባት ነው፣ ዙሪያውን ያወጣል። የኛ ሰፈር ሲከፈት ኩፍኝ የወጣበት ልጅ ፊት ይመስል ነበር።

ልጄ ኬልሲ ያኔ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላት ነው። ከኛ በር ሦስተኛው ቤት ላይ አንድ ነጥብ አለ። ስጫነው ፎቶው ብቅ ይላል፤ ስሙ፣ ቁመቱ፣ የተፈረደበት ዓመት። ጠዋት ቆሻሻ ሲያወጣ አየዋለሁ፣ አንገቱን ደፍቶ ይገባል። ፎቶውን ካየሁ ወዲህ ኬልሲን ብቻዋን ከደጅ አላወጣኋትም።

«እኔ ሰውዬውን አልፈራውም» አለችኝ ዋንዳ፣ አጥሩን ተደግፋ ሲጋራዋን እያጨሰች። «ፎቶው አለ፣ ስሙ አለ፣ ፖሊስ እየመጣ ያንኳኳበታል። ልጆቼ እንኳ ለይተው ያውቁታል። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል።»

«አንቺ ከሰይጣን ጋር ተጎራበቺ። እኔ አልችልም።»

«ሂጂያ። መላእክት ብቻ የሚኖሩበት አገር ስታገኚ አድራሻውን ላኪልኝ።»

ፈለግሁ። አንድ ክረምት ሙሉ ፈለግሁ። የከተማውን ስም አስገባለሁ፣ ነጥቦቹን እቆጥራለሁ፣ ለነዋሪው ቁጥር አካፍላለሁ፣ ከሺህ ሰው ስንት እንደሚደርስ አወጣለሁ። ትምህርት ቤት አጠገብ ያለ ነጥብ እንደ ሁለት ይቆጠራል፤ ይህ የራሴ ሕግ ነው። ኩርት ከሚሠራበት የአውሮፕላን ፋብሪካ ደክሞት ሲገባ በሩ ላይ ቆሞ ያየኛል።

«የኔ እመቤት፣ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ ስንት ሰዓት ነው የሚዘጋው? እራት የሚባል ነገር ነበር ድሮ።»

አንድ ቀን ሄልምዴል የምትባል ትንሽ ከተማ አስገባሁ። የስንዴ እርሻ፣ ረጅም የእህል ጎተራ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ ትምህርት ቤት፣ መዋኛ ገንዳ። ነጥብ የለም። ካርታው አልከፈት ብሎ ይሆናል ብዬ ዘግቼ እንደገና ከፈትኩት። የለም።

«ኩርት፣ ዜሮ ነው» አልኩት።

«ሰውስ አለበት?» አለኝ።

ይቀልዳል እንጂ እሱም ልቡ ደንግጦ ነበር፤ ኬልሲ እኮ የሱም ልጅ ናት። ለሥራው ከአንድ ሰዓት በላይ መንዳት እንዳለበት እያወቀ እሺ አለ። ቤታችንን ሸጥን፣ እዚያ ገዛን፣ ገባን።

የሄልምዴል ሰው ደግ ነው። ይህን ስል ማሾፌ አይደለም። ዕቃችንን ከመኪና ሳናወርድ ዶሮና ድንች በአይብ የተጋገረበት ትሪ ይዘው መጡ፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል፤ ማቀዝቀዣው አልዘጋ አለ። በር የሚቆልፍ የለም። ከሁሉም በላይ የቀረበችኝ ዳርላ ነበረች፤ ከኛ ፊት ለፊት የምትኖር፣ እዚያው ተወልዳ ያደገች፣ ወፈር ያለች ሳቂታ ሴት። ልጆቿ ከኬልሲ ጋር እኩያ ናቸው። እሷን ሳያት ልቤ ቦታው ገባ። ለመጀመሪያ ጊዜ ኬልሲን በብስክሌት ብቻዋን ወደ መዋኛው ላክኋት። መስኮት ላይ ቆሜ እስክትታጠፍ አየኋት፣ ከዚያ ሄጄ ቁጭ አልኩ። ቁጭ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ረስቼው ነበር።

በቤተ ክርስቲያን ሜዳ ላይ ሰንበት ከሰዓት አብሮ መብላት አለ። እዚያ ነው አባባ ቨርንን ያየኋቸው። ሰባ የተጠጉ፣ ገለባ ባርኔጣ የደፉ፣ ለሁሉም ፈገግ የሚሉ ሽማግሌ። ኪሳቸው ከረሜላ ነው። እሳቸው ወደ ልጆቹ ጠጋ ሲሉ እናቶቹ እየተቀባበሉ ልጆቻቸውን ይጠራሉ፤ አንዷ «ነይ ሹራብሽን ልበሺ»፣ አንዷ «ና ሳህኑን አንሳ»፣ አንዷ ደግሞ ዝም ብላ እጇን ታነሳለች። ልጆቹም በአንድ ቃል ሄዱ። እኔ ሞኟ ምን አልኩ? ምን ዓይነት ሥርዓት ያላቸው ልጆች ናቸው፣ አንዴ ሲጠሩ የሚመጡ። አባባ ቨርን ጋ የቀረችው ኬልሲ ብቻ ነበረች፤ ጉንጯ በከረሜላ ተወጥሮ ትስቃለች። ሚስታቸው እማማ ሎይስ ትንሽ ራቅ ብለው ወንበር ላይ ተቀምጠው ያዩ ነበር። አያት የሌላት ልጄ አያት አገኘች ብዬ ደስ አለኝ። ዳርላ ወደኔ አየች፣ አፏን ከፈት አደረገች፣ መልሳ ገጠመችው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዳርላ ወጥ ቤት ገብተን አተር እየፈለፈልን ሰማዩ ጠቆረ። ወዲያው በረዶ ጣሪያውን ይደበድበው ጀመር። የዳርላ ልጆች እቤት ናቸው፤ ኬልሲ መዋኛው ጋ ናት። ደወልኩ። ዋናተኞቹን የምትጠብቀዋ ወጣት አነሳች።

«ኬልሲ? ሄደች እኮ። በረዶው ሲጀምር አባባ ቨርን በፒክአፑ ሊያደርሳት ወሰዳት፤ ብስክሌቷንም ከኋላ ጭኖላታል። እኔ ሌሎቹን ልጆች ወደ ውስጥ እያስገባሁ ነበር፣ ዞር ስል መኪናው ሲወጣ አየሁ። አልደረሰችም እንዴ?»

ድምጿ መጨረሻ ላይ ተንቀጠቀጠ። እኔ ግን እፎይ አልኩና ስልኩን ዘጋሁ።

«እግዜር ይስጣቸው፣ አባባ ቨርን ይዘዋት እየመጡ ነው» አልኳት ዳርላን።

የያዘችው ሳህን ከእጇ ወደቀ። አተሩ ወለሉን ሞላው።

«ከቨርን ጋር? ብቻዋን?»

«ምን አለበት?»

«ጆዲ፣ እኛ እኮ ልጆቻችንን ከቨርን ጋር መኪና ውስጥ አናስገባም። ማንም አያስገባም።»

«ለምን?»

«ለምን ይባላል እንዴ! ሁሉም ያውቃል» አለች። ከዚያ እኔን አየች፣ አዲስ መሆኔ ያኔ ነው የታወሳት መሰለኝ። ፊቷ አመድ መሰለ። «የዛሬ ሰላሳ ዓመት ግድም አንድ ነገር ሆኖ ነበር። ከአንድ ልጅ ጋር። ማኅበረ ምዕመኑ ፊት ቆሞ አለቀሰ፣ ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ጭነው ጸለዩለት፣ ይቅር ተባለ። እኛ ዘንድ ይቅር የተባለን ኃጢአት መልሶ ያነሳ ሰው ራሱ ኃጢአተኛ ነው። ስለዚህ አይወራም። እናቶቻችን በጎን ነገሩን፣ እኛም ለልጆቻችን በጎን ነገርን። አዲስ ሰው መጥቶብን ስለማያውቅ…»

«ፖሊስስ?»

«ፖሊስ ጋ ምን ያደርሰዋል? እዚሁ አለቀ።»

ዜሮው ይኸው። ማንም ስላልበደለ አልነበረም ነጥብ የጠፋው፤ ማንም ስላልተናገረ ነው። እኔ ደግሞ ቁጥር አካፍዬ፣ ደምሬ፣ ቤት ሸጬ፣ የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ልጥል እዚህ ድረስ መጣሁ። በሄልምዴል ካሉት ልጆች ሁሉ ያልተነገራት የኔዋ ብቻ ነበረች።

በመስኮት ወደ ደጃችን አየሁ፤ ፒክአፑ የለም። መኪናዬን እንዴት እንዳስነሳሁ አላውቅም። የቨርን ቤት ከከተማው ወጣ ብሎ በጠጠር መንገድ ነው። በረዶው መስተዋቱን ይመታል፣ መጥረጊያው አይችለውም፣ መንገዱ አይታየኝም። አምላኬን እየለመንኩ ነበር፣ ግን ምን ብዬ እንደምለምን እንኳ ጠፋኝ፤ «አድርስልኝ፣ አድርስልኝ» ብቻ። ለምን ወደኛ ቤት አልመጣም? መንገዱ እኮ በኛ ደጅ በኩል ነው። እያወቀ ነው ያለፈው። ይህን ሳስብ ነዳጁን አጥብቄ ረገጥኩት።

ስደርስ ፒክአፑ ግቢ ውስጥ ቆሟል። ኬልሲ በረንዳው ላይ በፎጣ ተጠቅልላ ተቀምጣ ሐብሐብ ትበላለች። እሱ አጠገቧ ነው። እማማ ሎይስ ጥግ ላይ የሚወዛወዝ ወንበር ላይ ናቸው። ደረጃውን በእጄ ተደግፌ ወጣሁ።

«በረዶው እስኪያባራ ብዬ ነው እንጂ አደርሳት ነበር» አለ እየሳቀ።

ልጄን አቀፍኳት፤ ቀዝቃዛ ነበረች፣ የገንዳውን ክሎሪንና ሐብሐብ ትሸታለች። ልወርድ ስል እማማ ሎይስ ክንዴን ያዙኝ። እጃቸው አጥንት ብቻ ነው።

«አይዞሽ» አሉኝ በሹክሹክታ። «እኔ አለሁ። ልጅ እዚህ ካለ ከዚህ ወንበር አልነሳም። እህቴ ስትሞት እንኳ ቀብሯ አልሄድኩም፣ ጎረቤት ልጆች ነበሩና። ይሄን ያህል ዘመን ጠብቄያለሁ።»

በዓይናቸው እውነት ነበር። በሕይወቴ ሰውን እንደዚያ አመስግኜ አላውቅም። እጃቸውን ሳምኩ።

ቤት ስንደርስ ዳርላ በዝናብ በስብሳ ደጃችን ላይ ትጠብቀናለች። ኬልሲን አየቻት፣ ከላይ እስከ ታች አየቻት፣ ግድግዳውን ተደገፈች። ልጅቷን ልብስ ቀይሪ ብዬ ወደ ክፍሏ ላክኋትና እኛ ወጥ ቤት ተቀመጥን። ሻይ ላፈላ ብዬ ተነሳሁ፣ ክብሪቱ አልጫር አለኝ፣ ተውኩት።

«ተርፋለች» አልኳት። «እማማ ሎይስ አጠገቧ ነበሩ። ልጅ ሲኖር ከዚያ ወንበር አይነሱም፣ ነግረውኛል።»

ዳርላ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ሳቂታዋ ዳርላ ናት ብሎ የሚያምን አልነበረም።

«ያ ልጅ ማን ነበር?» አልኳት። «የዛሬ ሰላሳ ዓመቱ። ዛሬ የት ነው ያለው?»

«እስከዛሬ ይሄን የጠየቀኝ የለም» አለች። «ቨርን ንስሐ ገባ ወይ ሲሉ ሰምቻለሁ። ቨርን ይቅር ተባለ ወይ ሲሉ ሰምቻለሁ። ልጁ ማነው ያለ የለም።» እጇን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ጣቶቿን ታያለች። «ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።»

እጇን ያዝኩት።

«ጆዲ» አለች፣ «በኔ ጊዜም ሎይስ እዚያው ወንበር ላይ ነበረች።»

ተነስቼ ወደ ኬልሲ ክፍል ሄድኩ፤ ዳርላ ከኋላዬ ተከትላ በሩ ላይ ቆመች። ኬልሲ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ካልሲዋን ትጎትታለች። ድምፄ እንዳያስደነግጣት ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

«የኔ ቆንጆ፣ አባባ ቨርን ቤት ምን ስታደርጉ ነበር?»

«ሐብሐብ ስንበላ።»

«ሌላስ? ነክቶሻል? ማንም አይቆጣሽም፣ ንገሪኝ።»

«አይ» አለች፤ በጥያቄዬ ግራ ተጋብታ አየችኝ። «እማማ ሎይስ እስክትተኛ እየጠበቅን ነበር። መድኃኒቷን ስትውጥ እዚያው ወንበሯ ላይ ትተኛለች፣ ያኔ ጓዳ ያለውን ነገር አሳይሻለሁ አለኝ። ምስጢር ነው ብሎኛል። ዓይኗን ጨፈን ጨፈን ስታደርግ አንቺ መጣሽ።»

ልጄን ደረቴ ላይ አጥብቄ ያዝኳት፤ «አመመኝ» እስክትል ድረስ አልለቀቅኋትም። ቀና ስል ዳርላ እጇን ዘርግታ ቆማለች።

«ስልክሽን ስጪኝ» አለች።

ሰጠኋት። ለአውራጃው ፖሊስ፣ ለሸሪፉ ቢሮ ደወለች። አንድ የተፈጸመ በደል ልትናገር እንደምትፈልግ፣ ዛሬም በሌላ ልጅ ላይ ሊደገም እንደነበር ነገረቻቸው። በሩን ተደግፋ ሳታቋርጥ ተናገረች። ከዚያ ማዶ ስሟን ጠየቋት መሰለኝ፤ ስታገባ የወሰደችውን የባሏን ስም ትታ ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ የምትጠራበትን የአባቷን ስም ነገረቻቸው።