ጠያቂ ያጣው አዋቂ

ፍሪጅ ጠጋኙ ሥራ ከፈታ ስምንት ወሩ ነው። ይሠራበት የነበረው ወርክሾፕ ሲዘጋ «ለእኔ ሥራ ሞልቶ!» ብሎ ደረቱን ነፍቶ ነበር የወጣው። አሁን ደረቱም ተንፍሷል፣ የሚስቱም ትዕግሥት አልቋል።

«ዘንድሮ ሰው የሚቀጠረው በኢንተርኔት ነው፤» አለችው ሚስቱ። ክሊኒክ ውስጥ ካርድ ክፍል ስለምትሠራ የማትሰማው ወሬ የለም። «የሙያ አጋሮችህ ያሉበት ግሩፕ ግባና ለሰው ጥያቄ መልስ። አሠሪ አድፍጦ ያነባል አሉ።»

ገባ። የማቀዝቀዣ ባለሙያዎቹ ግሩፕ ዘጠኝ ሺህ አባላት ነበሩት። ችግሩ፣ አንዱ «ፍሪጅ አልቀዘቅዝ አለኝ» ብሎ ሳይጨርስ አርባው ተሻምቶ ይመልሳል። የእኛ ሰው ደግሞ የሚጽፈው በአንድ ጣቱ ነው። ጽፎ ጨርሶ ቀና ሲል ጠያቂው ፍሪጁን አሠርቶ፣ ቀዝቃዛ ውኃውን እየጠጣ ነው።

ሰይጣን መቼም አያርፍም። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ «ጀማሪው» በሚል ስም ሁለተኛ አካውንት ከፈተ። ጀማሪው ይጠይቃል፤ ጠጋኙ ቀድሞ ባዘጋጀው መልስ ከች ይላል። ጀማሪው ደግሞ «እጅህ ይባረክ፣ አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር!» ይለዋል።

ሚስቱ ስትደርስበት ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ራስህ ጠያቂ፣ ራስህ መላሽ፣ ራስህ አመስጋኝ! የቀረህ አጨብጫቢ ብቻ ነው።»

«ማጨብጨቢያውንም ተጭኜዋለሁ፤» አላት፣ ሳያፍር።

ግን ያ ሁሉ ጥያቄ ከየት ይምጣ? ፈጠራ ብሎ ነገር አልሆንለት አለ። ስለዚህ በሃያ ሁለት ዓመት የሥራ ዘመኑ ያጠፋውን፣ ለሚስቱ እንኳ ያልተነፈሰውን ሁሉ ለጀማሪው አሸከመው። «ቀዳዳውን ሳልደፍን ሦስት ጊዜ ጋዝ ሞላሁ፤ ደንበኛውን ምን ልበለው?» «ኮምፕረሰሩን ፈትቼ ካወረድኩ በኋላ ሶኬቱ እንዳልተሰካ አየሁ፤ ልናገር ወይስ ዝም ልበል?» ጠጋኙም ከላይ ሆኖ «ወንድሜ፣ ሙያ ጥንቃቄ ይጠይቃል» እያለ ይመክረዋል። እውነቱን ለመናገር፣ ምክሩን ከመጻፍ ይልቅ ጥፋቱን መጻፉ ነበር ደስ የሚለው።

በሁለተኛው ወር ከአንድ የፍራፍሬ ማቀዝቀዣ መጋዘን ተደወለለት። ሥራ አስኪያጇ ቢሮ ሲገባ ጠረጴዛዋ ላይ የሁለቱ ጽሑፎች ታትመው፣ በሁለት ክምር ተቀምጠዋል። ልቡ በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ።

«መልሶችዎን አይቻለሁ፤ ጎበዝ ነዎት፤» አለችው። «የጠራሁዎት ግን ከጀማሪው ጋር እንዲያገናኙኝ ነው። መቼም እናንተ ትግባባላችሁ። ልቀጥረው ፈልጌ ነው።»

ክው አለ። «እሱ እኮ… ምንም አያውቅም!»

«አዋቂማ ሞልቶኛል። ባለፈው ዓመት አንዱ አዋቂ የሰበረውን ቱቦ ደብቆ አንድ ክፍል ሙሉ ወይን አበሰበሰብኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ይሄኛው ጥፋቱን ይናገራል፤ እሱን ነው የምፈልገው።»

ዝም ቢል ሥራው ማምለጡ ነው። ቢናገር ደግሞ ያ ሃያ ሁለት ዓመት የጠበቀው ስም አፈር መብላቱ ነው።

«ሶኬቱን ያላየሁት እኔ ነኝ፤» አለ፣ ወለል ወለሉን እያየ። «ጋዙንም ሦስቴ የሞላሁት እኔው ነኝ። ጀማሪው… እኔ ነኝ።»

ሥራ አስኪያጇ ወረቀቶቹን አየች፤ ቀጥላ እሱን አየች። «ታዲያ ያ ሁሉ ምስጋና?»

«እሱም የእኔ ነው።»

ሳቋ ኮሪደሩ ድረስ ተሰማ። ዓይኗን ጠራርጋ ሲበቃት፣ የመልሶቹን ክምር ወደ እሱ ገፋችና የጥያቄዎቹን ክምር ግን ፋይል ውስጥ አስገባች።

«ጀማሪው ሰኞ ጠዋት ሥራ ይግባ፤» አለችው። «አዋቂውን ግን ቤት ትተውት ይምጡ።»