ጉም ጠሪዋን ማን አዳከማት

ፈረሰኛው ጉም ጠሪዋን በሁለት ምት ገደላት። ሰርክአዲስ ስክሪኑን ትክ ብላ አየችና ጨዋታውን እንደገና ከመጀመሪያው አስነሳችው። አሁንም በሁለት ምት ሞተች። ባለፈው ሳምንት ይህቺው ተዋጊ አምስት የጦር ምት ችላ ትቆም ነበር፤ እንደዚያ አድርጋ የሠራቻት ደግሞ ራሷ ሰርክአዲስ ናት።

ቦታው እንጅባራ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለ ጌም ቤት ነው። ሰርክአዲስና ወንድሟ ይሄይስ ከጌም ቤቱ ኋላ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ የውጊያ ጌም ሲሠሩ ቆይተዋል። ሥዕሉ የይሄይስ ነው፤ የዘንገናን ሐይቅ፣ ዙሪያውን ያለውን ደን፣ ፈረሶቹን ሁሉ የሳለው እሱ ነው። ኮዱና የውጊያው ሚዛን የእሷ ነው። ኔትወርክ በማይገኝባቸው ጊዜያት ሳይቀር ጌሙ ከስልክ ወደ ስልክ እየተጫነ ዳንግላና ጫግኒ ደርሷል።

ተጫዋቹ ከሦስት ተዋጊዎች አንዱን ይመርጣል። ፈረሰኛው ጦር ይዟል፤ ከራቀ ቦታ ይወጋል፣ ከሳተ ግን ጦሩን እስኪመልስ ድረስ ራሱን መከላከል አይችልም። ወንጭፈኛው ከሩቅ ይመታል፤ ድንጋዩ ሲያልቅበት ጎንበስ ብሎ መልቀም አለበት። ጉም ጠሪዋ ከአንዲት አጭር ቢላ በቀር መሣሪያ የላትም፤ ነገር ግን ጉም አውርዳ ትሰወራለች። ጉሙ ትንፋሿን ይበላባታል፤ ትንፋሿ ካለቀ ደግሞ መሮጥ እንኳ ያቅታታል። ሰርክአዲስ ሦስቱን ለማመጣጠን ያልሞከረችው ነገር የለም። ሰው ሲጫወት ከኋላው ቆማ ታያለች። ማን የት ላይ እንደሞተ፣ ማን ተናዶ ጆይስቲኩን እንደወረወረ ትይዝና ገብታ እዚህ ትንሽ ትቀንሳለች፣ እዚያ ትንሽ ትጨምራለች። አንዱ ሁልጊዜ የሚያሸንፍ ከሆነ ሌሎቹን መሥራት ለምን ያስፈልጋል ባይ ናት።

ኮዱን ከፈተችው። የጦሩ ኃይል ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ፈረሰኛው ሲስት የነበረበት መዘግየት ጠፍቷል። ጉሙም የሚቆይበት ጊዜ በግማሽ ተቆርጧል። የዚህን ላፕቶፕ የመክፈቻ ቃል የሚያውቅ ከእሷ ሌላ አንድ ሰው ብቻ ነው።

ይሄይስ ከምሳ ሲመለስ ጠየቀችው፤ አልካደም። ቀይር ያሉኝ ጋሽ አሳምነው ናቸው አለ። ጋሽ አሳምነው የጌም ቤቱ ባለቤት ናቸው፤ ክፍሏንም በነፃ የሰጧቸው እሳቸው ናቸው። በወጣትነታቸው ጋላቢ ነበሩና ሁልጊዜ የሚመርጡት ፈረሰኛውን ነው። ታዲያ ኢክላስ የምትባል የጫግኒ ወጣት፣ አባቷ በርበሬ ጭነው ሲመጡ አብራ እየመጣች፣ በጉም ጠሪዋ ደጋግማ አሸነፈቻቸው፤ ያውም በገዛ ቤታቸው፣ ደንበኞቻቸው ፊት። እሑድ ደግሞ ከየከተማው ተጫዋች የሚመጣበት ውድድር አለ። ወይ ጉሙ ይቀነስና ጦሩ ይጠንክር፣ ወይ ክፍሉን ልቀቁ ብለውታል።

"ለምን ለእኔ አልነገርከኝም?" አለችው።

"እምቢ እንደምትይ ስለማውቅ። ደግሞ ምን ሆነ? ሁለት ሦስት ቁጥር ነው የነካሁት።"

ሰርክአዲስ ደሟ ፈላ። 

"ነገ ተነስቼ የሳልከውን ሐይቅ ቀይ ብቀባው፣ 'ምን ሆነ፣ ቀለም ነው' ትለኛለህ?"

 ጥላው ወጣች።

ጋሽ አሳምነውን ጌም ቤቱ ውስጥ የጆይስቲክ ገመድ ሲጠግኑ አገኘቻቸው። ጉሙን ያስቀነሱት እርስዎ ነዎት ወይ ብትላቸው ምንም ሳያፍሩ አዎን አሉ። እሷም ንዴቷን ዋጥ አድርጋ ልታስረዳቸው ሞከረች። የሚሸነፉት ጉሙ ውስጥ እየጋለቡ ስለሚገቡ እንደሆነ፣ ጥቂት ቢያፈገፍጉና ትንፋሿ እስኪያልቅ ቢጠብቁ ጉም ጠሪዋ በእጃቸው እንደምትወድቅ ነገረቻቸው። እሳቸው ሳቁ። ፈረሰኛን ቁም የምትይ ጉደኛ ነሽ አሏት። ቀጥለው ግን ሳቃቸውን ተዉት።

"የማላየው ነገር እየገደለኝ ይኼ ምን ውጊያ ይባላል? ከየት እንደመጣች ልወቅና ልሙት። እሑድ የምንጫወተው እዚሁ ቤት በተጫነው ነው።"

ላፕቶፑን ነቅላ፣ ጃኬቷ ውስጥ ሸጉጣ፣ በዝናቡ ወደ ቤቷ ሄደች። መንገዱን ሙሉ በልቧ ስትሳደብ ነበር፤ አንዴ ወንድሟን፣ አንዴ ሰውዬውን። የባሰ ያበገናት ግን ሌላ ነገር ነው። "የማላየው ነገር" ያሉት ቃል ከጆሮዋ አልወጣ አለ። በጉሙ የሞቱትን ተጫዋቾች አስታወሰች፤ ሁሉም ዞር ብለው ከየት መጣች ብለው ጎናቸው ያለውን ሰው ይጠይቁ ነበር። ምን እንደገደለው ያላወቀ ሰው ደግሞ በሚቀጥለው ዙር የሚያሻሽለው ነገር የለውም። ጉም ጠሪዋ ጉልበቷ ልክ ነበር፤ የጎደላት መምጣቷን የሚያሳውቅ ምልክት ነው። ይህን እሷ ሳታየው ቀርታ፣ ከሰው ሁሉ እሳቸው ማየታቸው እንደ እሳት አቃጠላት።

ቤት ገብታ የተነካውን ሁሉ ወደነበረበት መለሰች። ከዚያ እናቷን እማማ ስሜነሽን፣ ማሳ ማዶ ያለ ሰው ሲጠሩ እንደሚሉት በአዊኛ እንዲጣሩላት ለመነቻቸው። እናቷ ከማን ጋር ተጣልተሽ ነው ፊትሽ እንዲህ የጠቆረው ብለው ሁሉንም አናዘዟት። ይሄይስ ክፍሉን እንዳናጣ ብሎ ፈርቶ ይሆናል አሉ። ሰርክአዲስ መፍራቱን አልጠላሁም፣ ከእኔ መደበቁን ነው አለች። እናቷ በዚህ አልተከራከሯትም። ድምፃቸውን ልትቀዳ ስልኩን ስትደቅንላቸው ጉሮሯቸውን ጠርገው እንዳለቻቸው ተጣሩ፤ ከአጥሩ ማዶ ያሉት ጎረቤት አቤት አሉ። ከእንግዲህ ጉም ጠሪዋ ከመምታቷ በፊት በዚህ ድምፅ ትጣራለች። ጆሮውን የከፈተ ከየት በኩል እንደምትመጣ ያውቃል።

እሑድ ጌም ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። ይሄይስ በር ላይ ሊያናግራት ቢሞክር አልፋው ገባች። ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ወደ ሰዉ ዞረች።

"እዚህ ቤት በተጫነው ጌም ላይ ጉም ጠሪዋ ተዳክማለች። ያዳከምኳት እኔ አይደለሁም። ጋሽ አሳምነው እንዳይሸነፉ ተብሎ ነው የተደረገው። የእኔ ይኼ ያመጣሁት ነው። በዚህ የማትጫወቱ ከሆነ ስሜን ከጌሙ ላይ አጥፉት።"

 የጋሽ አሳምነው ፊት ተለዋወጠ። ኢክላስ ጆይስቲኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ በተነካካው አልጫወትም አለች። ከኋላ የነበሩትም እኛም አሉ። ሰው ሁሉ እያየ ሰርክአዲስን ማስወጣት የሚቻል አልሆነም፤ ጋሽ አሳምነው በቁጣ፣ በይ ሰኪው አሏት።

ለዋንጫው የቀረቡት ሁለቱ፣ ኢክላስና ጋሽ አሳምነው ሆኑ። በመጀመሪያው ዙር ጋሽ አሳምነው እንደ ልማዳቸው እየጋለቡ ጉሙ ውስጥ ገብተው ሞቱ። በሁለተኛው የጥሪው ድምፅ ከግራ በኩል ተሰማ። ፈረሳቸውን ገቱ። ጉሙ እስኪሳሳ ቆሙና ትንፋሿ አልቆ እያዘገመች ስትወጣ ወጓት። ቤቱ በጩኸት ተናጋ። በሦስተኛው ኢክላስ ብልጥ ሆነች፤ ጉሙን ቆጥባ በባዶ ሜዳ ቆየች፣ እሳቸው ወግተው ሲስቱ ጠብቃ ገባች፣ ዋንጫውንም ወሰደች። ጋሽ አሳምነው ላባቸውን እየጠረጉ ተነሡ። ተሸንፈውም ደስ ብሏቸዋል፤ ሰማኋት እኮ፣ ከግራ ስትመጣ ሰማኋት እያሉ ለሰው ሁሉ ያወራሉ።

ወደ ሰርክአዲስም መጡ። ድምፁን ከድሮም ብትጨምሪበት ኖሮ ይኼ ሁሉ ባልመጣ ነበር አሏት።

"ለእኔ ቢነግሩኝ ኖሮ እጨምረው ነበር። እርስዎ ግን የሄዱት ወደ ወንድሜ ነው።"

ጋሽ አሳምነው አንገታቸውን አከኩ። ክፍሉ የእናንተው ነው፣ አልወስድባችሁም አሉ። እሷ አመስግና እንደምትለቅ ነገረቻቸው።

ይሄይስ ሰዉ እስኪወጣ ጠብቆ ቀረበ። ሁሉም በደህና አለቀ እኮ አላት።

"በደህና ያለቀው እኔ ስለመለስኩት ነው። አንተማ ትተኸው ነበር። ከዛሬ ጀምሮ የምሠራው ቤት ነው። ሥዕልህን ሥራ፤ ኮዱን ግን ሳትጠይቀኝ አትነካውም።"

በማግስቱ ዕቃቸውን በባጃጅ አወጡ። ይሄይስ ስክሪኑን ታቅፎ ከኋላ ተቀመጠ፣ እሷ ከሾፌሩ ጎን።  ይቅርታ የጠየቃት ዕቃውን አስገብተው ከጨረሱ በኋላ ነው፤ ቀስ ብሎ፣ ዓይኗን ሳያይ። ሰርክአዲስ እስከ መጨረሻው ሰማችው። ከዚያ ላፕቶፑን ከፍታ የመክፈቻ ቃሉን ቀየረች።