አሥራ አራት ደቂቃ ከዘቢብ ጋር

አሜሪካኖች «ሰው አነሰን፣ ደከመን» ሲባሉ ሰው ከመጨመር ይልቅ አስተማሪ ይጠራሉ። በፈረንጆቹ ዘጠና ሦስት፣ መጋቢት ሲገባ፣ ሜፕልዉድ ያለ አንድ የአዛውንቶች መጦሪያ፣ ነርሲንግ ሆምም፣ ያደረገው ይኸንኑ ነው። ሠራተኛው በየሳምንቱ እየጣለ ሲወጣ ጊዜ አለቃዋ ጆይስ፣ ግሬግ የሚባል ቀጭን ሰውዬ አመጣች። ሥራው ቀልብ መሰብሰብ ማስተማር ነው። ጫማውን በር ላይ አወለቀና፣ አውራ ጣቱ ብቅ ባለበት ካልሲ አዳራሹ መሀል ቆሞ፣ ዓለም የሚለወጠው ሰው አጠገቡ ያለውን ነገር ልብ ብሎ ማየት ሲጀምር ነው አለ።

«እስቲ መጀመሪያ ካልሲውን ልብ ብሎ ይየው» አለች ከሠራተኞቹ አንዷ፣ አሰፋሽ፣ በአማርኛ።

የሥራ ጓደኛዋ ሀሲባ ሳቋን በስንት መከራ ዋጠችው። ሁለቱም በሱዳን በኩል ነው ሚኒሶታ የገቡት። አሰፋሽ የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ ቤተክርስቲያን አትቀርም፣ አፏም አያርፍም። ሀሲባ የወሎ ልጅ ናት፤ በደል ሲደርስባት «ሶሪ» ብላ የምታልፍ፣ ማታ ቤቷ ገብታ የምትብከነከን ዓይነት ሴት።

ያን ዓመት ረመዳንና ሁዳዴ በአንድ ሳምንት ነበር የገቡት። አሰፋሽ ችግር የለባትም፤ አሥር ሰዓት ላይ እረፍት ስትወጣ ጾሟን ትፈታለች። ሀሲባ ግን የጾሟ መፍቻ መግሪብ የሚደርስባት ሁልጊዜ ሚስስ ሃልቨርሰን የተባሉትን አሮጊት እራት እያጎረሰች ሳለ ነው። ቀኑን ሙሉ ጦማ፣ ያን ሁሉ ሾርባ በማንኪያ ለሌላ ሰው! ሁለት ጊዜ ተምር አፏ ውስጥ ጣል ስታደርግ ጆይስ እጅ ከፍንጅ ይዛታለች። አዛውንቶቹ በሚመገቡበት ክፍል ሠራተኛ መብላት ክልክል ነው፤ ሁለት ዋርኒንግ ተጻፈባት። በሦስተኛው ትሰናበታለች። የልጇ የኢቅራ የአስም መድኃኒት ደግሞ የሚገኘው በዚሁ ሥራ ኢንሹራንስ ነው።

«አፍ አልፈጠረልሽም? ለምን አትነግሪያትም?» ትላታለች አሰፋሽ።

«ተይ እትዬ አሰፋሽ፣ በጾሜ ሰው ላስቸግር?»

እንዲህ እያለች ግሬግ እስከመጣበት ረቡዕ ደረሰች።

ያን ቀን የአዛውንቶቹ እራት ቀደም ብሎ ቀረበና፣ አሥራ ሁለት ሠራተኞች አዳራሹ ውስጥ ክብ ሠርተው ተቀመጡ። ጆይስም የስም ዝርዝርና እስክሪብቶ ይዛ ተቀመጠች። መሳተፍ ግዴታ ነው ተብሏል። ግሬግ ሳህን እያዞረ ለያንዳንዱ ሰው አንዳንድ ፍሬ ዘቢብ አደለ።

«እኛ በኪሎ ለቤተክርስቲያን የምንሰጠውን እሱ ፍሬ እየቆጠረ! አይ ስስት!» አለች አሰፋሽ።

ዘቢቡን እዩት አለ ግሬግ፤ አዩት። አሽትቱት አለ፤ አሸተቱት። ጆሯችሁ ላይ አድርጋችሁ አድምጡት ሲል አሰፋሽ አማተበች። ቀጥሎ «አሁን ምላሳችሁ ላይ አስቀምጡት፣ ቀስ ብላችሁ አላምጡት» አለ።

ሀሲባ የግድግዳውን ሰዓት ቀና ብላ አየች። ለአሥራ ሁለት ሰዓት ሦስት ጉዳይ ነው። ከመስጊድ ያመጣችው ወረቀት ደግሞ መግሪብ አሥራ ሁለት ከአሥራ አንድ ነው ይላል። አሥራ አራት ደቂቃ! አሥራ ስድስተኛ ቀኗን ጦማ ጦማ በአንዲት ዘቢብ ልታፈርሰው ነው? እጅጌዋ ውስጥ ልትሸጉጣት ፈለገች፤ የጆይስ ዓይን አላፈናፍን አላት።

«ሀሲባ፣ ችግር አለ?» አለች ጆይስ። እስክሪብቶዋን አነሳች።

አሰፋሽ ልትመልስላት ከመቀመጫዋ ስትነሳ ሀሲባ ክንዷን ያዘቻት።

«ቆይ፣ እኔው ልናገር» አለችና ወደ ጆይስ ዞረች። «ችግር የለም። እበላታለሁ። አሥራ አራት ደቂቃ ብቻ ጠብቁኝ።»

«ለምን አሥራ አራት?»

«ጀምበር አልጠለቀችማ።»

በዚያው በተሰባበረ እንግሊዝኛዋ ነገረቻቸው። ከንጋት ጀምሮ እህል እንደማትቀምስ፣ ጀምበር ስትጠልቅ እንደምትፈታ። ድምፅዋ መጀመሪያ ላይ ተንቀጠቀጠ፤ በኋላ ግን ቀጥ አለ።

«ውሃም አትጠጪም?» አለ ግሬግ።

«ውሃም።»

ሰውዬው ሳህኑን ወለሉ ላይ አስቀመጠ። «እኔ ሰው አንዲት ዘቢብ ልብ ብሎ እንዲበላ ለማስተማር ስንት አገር እዞራለሁ» አለና ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። «በሉ፣ ሁላችንም እንጠብቃታለን።»

አሰፋሽ ቀድማ ጎርሳ ነበር። ዘቢቧን ከምላሷ ላይ አውጥታ መዳፏ ላይ መለሰቻት። «ወይ ጣጣሽ!» አለች።

አሥራ አራት ሰው አሥራ አራት ዘቢብ ይዞ ዝም አለ። አሥራ አራት ደቂቃ በወሬ ቢሆን ምንም አይደለም፤ እጅ ላይ ምግብ ይዞ ሲሆን ግን አያልቅም። ከኩሽና የዳቦ ሽታ መጣ። በአምስተኛው ደቂቃ የአንድ ሰው ሆድ አጉረመረመ፤ የጆይስ ነው። በአሥረኛው ምራቋን ስትውጥ ተሰማ። ሰዓቱን አየች፣ ዘቢቧን አየች፣ ቀጥሎ ሀሲባን አየቻት፤ ዓይኗን ቶሎ አላነሳችም።

«ቢስሚላህ» አለች ሀሲባ ሰዓቱ ሲደርስ፣ ሁሉም አብረዋት ጎረሱ። አቤት ጣፋጭነቱ! አሰፋሽ ሳትቀር ዓይኗን ጨፈነች።

«ስንት ቀን ነው?» አለች ጆይስ፣ ሰዉ መነሳት ሲጀምር።

«ወር ሙሉ።»

«እነዚያ ሁለቱ ተምሮች...»

«በዚህ ሰዓት ነበር።»

ጆይስ ፊቷ ቲማቲም መሰለ። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንቺ ለምን ብለሽ አልጠየቅሽኝም፣ እኔ ደግሞ አልነገርኩሽም። ጥፋቱ የሁለታችን ነው» አለች ሀሲባ፣ እንዲህ መናገሯ ራሷንም እየገረማት።

በማግስቱ ጠዋት ሁለቱ ዋርኒንጎች ከፋይሏ ወጡ። በሦስቱም ፎቅ ደግሞ አንድ ወረቀት ተለጠፈ፤ የሚጦም ሠራተኛ የጾሙ መፍቻ ሲደርስ አሥራ አምስት ደቂቃ ይወጣል፣ ሥራውን ሌላ ሰው ይይዝለታል። ይህን ያነበቡ የሁለተኛ ፎቅ ሶማሌ ሠራተኞች ደረጃውን እየሮጡ ወርደው ሀሲባን አቅፈው ሳሟት። ረመዳን ከገባ ጀምሮ በር ኋላ ተደብቀው ውሃ ሲጎነጩ የከረሙ ሴቶች ናቸው።

ማታ ሀሲባ ሚስስ ሃልቨርሰንን እያጎረሰች ሳለ ማንኪያውን ከእጇ የወሰደባት ጆይስ ራሷ ናት።

«ሂጂ፣ ሰዓትሽ ደርሷል።»

ሀሲባ እረፍት ክፍሉ ውስጥ ወንበር ስባ ተቀመጠች። እዚህ ሥራ ከገባች ጀምሮ ተቀምጣ ስታፈጥር የመጀመሪያዋ ነው፤ እንባዋ መጣ፣ አልደበቀችውም። አሰፋሽ ለሁለቱም ጾም የሚሆን የምስር ሳምቡሳ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታለች። ገና አንዱን ሳትጨርስ የሚስስ ሃልቨርሰን ድምፅ ኮሪደሩን አልፎ መጣ።

«ይቺ ሴትዮ ምን ያጣድፋታል? አፌ ሳይከደን ትጨምርብኛለች! ያቺ ልጅ እኮ እስክውጥ ትጠብቀኛለች!»

ሀሲባ ደንግጣ ብድግ አለች። «ውይ፣ አሮጊቷ ሊታነቁ ነው! ሄጄ ልርዳት።»

አሰፋሽ ቀሚሷን ይዛ መልሳ አስቀመጠቻት።

«ተቀመጪ! አንቺ ብዪ፤ እሷ ትማር።»