ኤስ ፀጋዬ

ስለሺ በማያውቀው ሰው ዘር ቆጠራ ሁለት ዓመት ፈጀ። በሥራ ቀን በስደት በሚኖርበት ከተማ፣ ፓርክዴል የሚባል ሰፈር ውስጥ የአንድ ፎቅ ቧንቧና ማሞቂያ ይጠግናል፤ ቅዳሜና እሁድ ቤተ መጻሕፍት ያቀረቅራል። የሚያሳድደው በፈረንጅ 1634 ሃይማኖቱን ይዞ ከእንግሊዝ በመርከብ ወደ አዲሱ ዓለም የፈለሰ፣ ጆሳያ ሃርዉድ የሚባል፣ ፒዩሪታን ከተባሉት ጥብቅ ፕሮቴስታንቶች ወገን የሆነ አናጢ ነው። ከዚህ ሰው ዘር ማን ማን ዝነኛ እንደወጣ እንዲጠና ያስነገረው አንድ የዘር ጥናት ማኅበር ሲሆን፣ አሳምሮ ለሠራ ቋሚ ቦታ እሰጣለሁ ብሏል። በአገሩ የታሪክ አስተማሪ ለነበረ ሰው ይህ ከቧንቧ ሥር መውጫው ነበር።

ደግሞም አገኘ። ሁለት አገረ ገዥዎች፣ አንዲት የፊልም ተዋናይ፣ ማንም ያልጠረጠረው አንድ ዳኛ። ዳኛውን የደረሰበት በሴት በኩል ነው፤ ፈረንጆቹ የቤተሰብ ስም ብቻ ሲከተሉ የዳኛው አያት አግብታ የባሏን ስም የያዘች ዕለት ጠፍታባቸው ነበር። ስለሺ ግን በእናትም በአባትም ሰባት ቤት ሲቆጠር እየሰማ ነው ያደገው።

ጽሑፉን በኮሌጅ ኮምፒዩተር እየተየበች ለማኅበሩ በፖስታ የምትልክለት ታናሽ እህቱ ሰሎሜ ናት። ማኅበሩ ጥናቱን በመጽሐፍ ሊያወጣው ለሽፋኑ ስም የጠየቃቸው ጊዜ፣ "ጋሼ፣ እዚህ እኮ የራስን ስም በአንድ ሌተር ነው የሚጽፉት። የአባባ ስም ሙሉውን ይውጣ" አለችው። ሆዱ ባባ። የአባቱ ስም በመጽሐፍ ላይ ሊታተም ነው፤ የራሱን ቢያስቆርጥ ምን ይጎዳዋል?

መጽሐፉ በፈረንጅ 1996 ወጣ። በወሩ ስለሺ ክራቫቱን አስሮ ኖርዝ ዮርክ ወደ ማኅበሩ ቢሮ ሄደ። እንግዳ ተቀባይዋ መጽሐፉን ሲያሳያት ፈገግ አለች።

"ኤስ ፀጋዬን ፈልገው ነው? ሰኞ ሥራ ጀምራለች። ለምሳ ወጥታ ነው፣ ይጠብቋት።"

ጠበቀ። ሰሎሜ አዲስ ኮት ለብሳ ገባች፤ ስታየው ደንግጣ ቆመች።

"ኢንግሊሽህ ለኢንተርቪው አይሆንም ጋሼ። ሪጀክት ያደርጉህ ነበር" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ደግሞ ስሙ የአባባ አይደል? ለሁለታችንም ይበቃል።"

"የአባባማ የሁለታችንም ነው" አለ ስለሺ። "የእኔ የነበረችው ያቺ ሌተር ናት።"

ያቺ ፊደል ለሰሎሜም እንደምትሆን እስከዚያች ሰዓት አስቦት አያውቅም። እሷ ግን ያኔውኑ አስባበታለች። የካደችው ሰኞ ዕለት ሳይሆን ሽፋኑን የመከረችው ቀን መሆኑ ገባው። ያን ቀን ግንባሯን ስሞ መርቋት ነበር።