ቢጫው መስመር

ኖርበርት ኩቢያክ ሽንት ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ መርሳት ከጀመረ ሁለተኛ ክረምቱ ነው። ሚስቱ ዴሎሬስ ያገኘችለት ዘዴ ቢጫ ፕላስተር ነበር። ከአልጋው ግርጌ ጀምራ፣ ሁለቱን ወፋፍራም የእንጨት ምሰሶዎች አዙራ፣ ወደ ወጥ ቤቱ የሚያወርዱትን የብረት ደረጃዎች በሩቁ አሳልፋ እስከ ሽንት ቤቱ ደፍ ድረስ ወለሉ ላይ ለጠፈችው። ኖርበርት ሽንቱ ሲመጣ ዐይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ ገመድ ላይ እንደሚራመድ ሰው ክንዶቹን ዘርግቶ፣ መስመሩን ተከትሎ ይሄድና ይመለሳል።

ቤቱ በውስጡ ግድግዳ የለውም። ሚልዋኪ ውስጥ፣ ወንዙ ዳር ከተደረደሩት የድሮ መጋዘኖች በአንዱ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ሰፊ አዳራሽ ነው። ጫማ ይከማችበት የነበረው ሕንፃ ሲታደስ ጡቡ ተፍቆ፣ የጣሪያው ወራጅ ተወልውሎ፣ መስኮቱ ከወለል እስከ ጣሪያ መስታወት ሆነ። ሲገዙት የወደዱት ይህንኑ ስፋቱን ነበር። አሁን ግን ለኖርበርት ቤቱ መንገድ የጠፋበት ሜዳ ሆነ።

«ወይዘሮ ኩቢያክ፣ ይሄ ፕላስተር መነሳት አለበት» አለች ትሪሽ፣ ቤቱን የምታሻሽጠው ሴት። «ገዢ ሲመጣ ጡቡን ይይ፣ መስኮቱን ይይ። ይሄን ካየ ግን የሚታየው በሽታ ነው።»

«እሱንስ ምን ላድርገው?» ዴሎሬስ በአገጯ ወደ ባሏ ጠቆመች።

«እሳቸውንም ለጊዜው ዞር ያደርጉልኛል።»

«ሰምቻለሁ» አለ ኖርበርት ከመስኮቱ ሥር። «አሮጌው ዕቃ ይውጣ ነው የምትለው ልጅቷ።»

ዴሎሬስ ሳቀች፤ ፕላስተሩን ግን እሑድ ጠዋት በጥፍሯ እየፋቀች አነሳችው። ቤቱ መሸጥ ነበረበት። ሐይቁ ዳር ያለው የአረጋውያን ማረፊያ ባልና ሚስትን አንድ ክፍል ውስጥ ያኖራል፤ እንዲህ ያለ ክፍል ተለቆ እስከ ወሩ መጨረሻ ተይዞላቸዋል። ደንቡ ግን ጥብቅ ነው፤ ሁለቱም በእግራቸው የሚሄዱ መሆን አለባቸው። አልጋ የያዘ ሰው ወደ ጀርባው ሕንፃ ይወሰዳል። እዚያ ሚስት በጉብኝት ሰዓት ገብታ የምትወጣ እንግዳ ናት። ዴሎሬስ ከሠርጓ ቀን ወዲህ ብቻዋን ያደረችው ስትወልድ ብቻ ነው።

ቤቱ ለገዢ ክፍት በሆነባቸው ሰዓታት መንገዱ ማዶ መኪናቸው ውስጥ ተቀምጠው፣ እንደ እሑድ ልማዳቸው ትኩስ የአሳማ ሥጋ በዳቦ እየበሉ ጠበቁ። በረዶው ጭቃ ሆኗል።

«እነዚያ ሰዎች የት ነው የሚገቡት?» አለ ኖርበርት።

«እኛ ቤት።»

«ምን አጠፋን?»

«ምንም። ሊገዙት ነው።»

«እኛስ የት ልንገባ ነው፣ አለቃ?» ሚስቱን የሚጠራት እንዲህ ነው።

«ሐይቁ ዳር። አንድ ላይ።»

«አንድ ላይ ከሆነ ሲኦልም ቢሆን ምን ቸገረኝ» አለና ዳቦውን ገመጠ። «እንዲያውም እሱ ይሻላል፤ ይሞቃል።»

አመሻሹ ላይ ትሪሽ ደወለች። ባልና ሚስት ገዢዎች ቤቱን ወደውታል፤ ነገ በጠዋት የሚስትየዋን አባት ይዘው ተመልሰው ያያሉ። ዴሎሬስ ስልኩን ዘግታ መሳቢያውን ሳበች። አዲስ ጥቅል ፕላስተር አለ። ልታጎነብስ ስትል ጉልበቷ ቆረጣት። አሁን ብለጥፈው ነገ ጎሕ ሲቀድ መልሼ ልፍቅ ነው፣ አለች በሆዷ። ለአንድ ሌሊት አይደል፤ እጁን ይዤ እወስደዋለሁ። መሳቢያውን ዘጋችው። ጣቶቹን በጣቶቿ ቆልፋ ተኛች፤ ከደስታዋ ብዛት ከወራት ወዲህ ያልተኛችውን እንቅልፍ ተኛች።

የቀሰቀሳት ድምፁ ነው። ሊነጋጋ ሲል ኖርበርት ተነስቶ መስመሩን ፈልጎ ቢያጣ፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን ቀጥ ብሎ ሄዷል። ከብረቱ ደረጃ ሥር አንድ እግሩ ወደ ውጭ ዞሮ ወድቆ አገኘችው።

«መስመሩን ማን ወሰደው?» አላት።

ዴሎሬስ ስልኩን አንስታ አምቡላንስ ጠራች።

የዳሌው አጥንት ተሰብሯል። ዴሎሬስ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ቁጭ ብላ ሳለች ትሪሽ ደወለች፤ እልል ልትል ምንም አልቀራትም፤ ገዢዎቹ ከተጠየቀው በላይ ከፍለው ይወስዱታል። በማግስቱ ከማረፊያው ተደወለ። አዝነዋል፤ ክፍሉ ለሌሎች ይሰጣል፤ ለኖርበርት ግን በጀርባው ሕንፃ አልጋ አለ። ዴሎሬስ ፈረመች። የጀርባው ሕንፃ ደግሞ ይበልጥ ውድ ነው፤ የቤቱ ሽያጭም አልቀረም።

ቁልፉን ከማስረከቧ በፊት ገዢዎቹ ባዶውን ቤት ለመጨረሻ ጊዜ ሊያዩ መጡ። የከሰዓቱ ፀሐይ ወለሉ ላይ ተኝቷል። ፕላስተሩ ተነስቶ የቀረው ሙጫ አቧራ ይዞ ጠቁሯል፤ ምሰሶዎቹን የሚዞር አንድ ረጅም መስመር ወለሉ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች ወጣቷ ገዢ።

«ይጸዳል፣ ይጸዳል» አለች ትሪሽ ቶሎ ብላ። «ዛሬውኑ ሰው እልካለሁ።»

«ሰው አያስፈልግም» አለች ዴሎሬስ። «የለጠፍኩት እኔ ነኝ።»

ሲወጡላት ጨርቅና ዘይት ይዛ፣ አልጋው ከነበረበት ቦታ ተንበረከከች። ሙጫው እንቢተኛ ነው። ክንድ ክንድ ያህሉን እየፈተገች፣ እየወለወለች፣ በጉልበቷ እየተሳበች ምሰሶዎቹን ዞረች። ከደረጃው አናት ትይዩ ስትደርስ ጨርቁን ይዛ ቆየች፤ ከዚያ ቀጠለች። ከሽንት ቤቱ ደፍ ደርሳ ቀና ስትል መስኮቶቹ ጨልመዋል። የጉብኝቱ ሰዓት አልፏል።